«ሲላሃማ ሞልቶኛል»

ሊሄድ የተነሣ ሰው ስለ መሄዱ አያወራም፤ ስለ ሻንጣው ነው የሚያወራው። የሚቀረውም ቢሆን ያው ነው። «አትሂድ» ማለት ያፈረ ሰው «ካልሲህን ላጣጥፍልህ?» ይላል። እኔ ለአባዬ ስንት ካልሲ እንዳጣጠፍኩለት ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

አባዬ አናጺ ነው። ጁባ ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው ጠፍቷል፣ መሣሪያህን ይዘህ ና የሚል ወሬ ሞያሌ ድረስ መጣለትና ከናይሮቢ በአውሮፕላን ሊሄድ ተነሣ። በአውሮፕላን! እኛ ሰፈር ርቆ ሄደ የሚባለው እኮ ከከብቶቹ በላይ፣ የጭነት መኪናው ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ኢሲዮሎ የደረሰ ሰው ነው። ስለዚህ መካሪው በዛ። ፍየል የሚነግዱት ጎረቤታችን አዴ ቱሜ ሳይቀሩ መጥተው፣ አውሮፕላኑ ጣሪያው ላይ ፍየል ይጭን እንደሆነ ጠየቁት። አይጭንም ሲላቸው፣ ታዲያ ምን ሊረባ ነው ብለው መርቀው ሄዱ።

በአንድ ነገር ግን ሁሉም ተስማማ፤ ውድ ዕቃ ከጭን አይወርድም። መኪና ጣሪያ ላይ የወጣ ሻንጣ ማርሳቢት ሳይደርስ እግር እንደሚያወጣ ማን ያጣዋል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እናም መጋዙ፣ መዶሻው፣ መሮው፣ ከአያቴ የወረሰው መላጊያ፣ ሁሉም በእጅ በምትያዘው ቦርሳ ገቡ። ትልቁ ሻንጣ ልብስ ብቻ ቀረለት።

ናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ የሆነውን አባዬ ራሱ ከሰው ስልክ ተውሶ ነው የነገረን። ጠባቂው ቦርሳዋን እያየ፣ ሲላሃ ይዘሃል ወይ ይለዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። አማርኛችን ቆጣቢ ነው፤ መዶሻውንም ጠመንጃውንም «መሣሪያ» ብሎ ይገላገላል። ስዋሂሊ ግን ለመዶሻው «ዛና»፣ ለጠመንጃው «ሲላሃ» የሚል የየራሳቸው ስም አለው። አባዬ ደግሞ ስዋሂሊ የተማረው መንገድ ላይ፣ ከኬላ ነው። ፖሊሶቹ «ሲላሃ?» ሲሉ የመኪናው ረዳት «መሣሪያ የያዘ አለ ወይ ነው የሚሉት» ብሎ ሲተረጉም ሰምቶ፣ ቃሏን ለክፉ ቀን አስቀምጧታል። ክፉው ቀን ይኸው መጣ።

«ሲላሃማ ሞልቶኛል!» አለ አባዬ በኩራት።

ለምንህ ነው ቢሉት፣ እንጀራዬ ነው። ጁባ ምን ትሠራበታለህ ቢሉት፣ እዚያ ሥራው ብዙ ነው፣ የሚሠራው ሰው ግን ጠፍቷል አሉኝ። ከማን አገኘኸው ቢሉት ደግሞ፣ ከአባቴ ወረስኩት፣ ለልጄም አወርሳለሁ! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከየት እንደ በቀሉ ያልታወቁ ፖሊሶች ከበቡት። ቦርሳዋ ተከፍታ የአያቴ መላጊያ ብቅ ሲል መጀመሪያ አገላብጠው አዩት፤ ቀጥሎ ሳቁ፤ ስቀው ሲጨርሱ አውሮፕላኑ ሄዷል።

እማዬ ስልኩን እንደያዘች «ወይኔ ልፋታችን!» ብላ አለቀሰች። እኔም አብሬያት ፊቴን ሸፈንኩ፤ የሸፈንኩት ግን እንባ አልነበረም። አባዬ ሊመለስ ነዋ! ጠዋት ጠዋት የመጋዙን ድምፅ ሰምቼ ልነሣ፣ ሲያልፍ የሚሸተውን የእንጨት ሽታ ላሸት ነው። ሮጬ ጓዳ ገባሁና እሱ የሚወደውን ሽሮ ጣድኩ። ከናይሮቢ እኛ ጋ ለመድረስ ሁለት ቀን እንደሚፈጅ ትዝ ያለኝ ሽሮው ከፈላ በኋላ ነው።

በማግሥቱ ማታ ስልኩ ጮኸ። አባዬ ነው፤ ከጁባ። ከሳቁት ፖሊሶች ሁሉ አብልጦ የሳቀው አዘነለትና ቢሮ ለቢሮ ዞሮለት፣ በሚቀጥለው አውሮፕላን አሳፈረው። መሣሪያዎቹንም በገዛ እጁ ከትልቁ ሻንጣ፣ ከልብሱ መሀል ሸክፎለታል። እማዬ እሑድ እሑድ ለዚያ ሰው ሻማ ታበራለታለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ አሜን እላለሁ፤ ምን ላድርግ?

የሞያሌ ሰው ሁሉ ክፉ ፖሊስ ገጠመኝ ብሎ ያማርራል። ደግ ፖሊስ ገጥሞኝ የማማርር ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።