ለቅድመ አያቴ የተሸከምኩት ድንጋይ

ከጦርነት ሁሉ ደስ የሚለው ሌላ ሰው ተዋግቶ የጨረሰው ነው። በተለይ ከቆየና ሣር ከበቀለበት። የቅርቡን አላነሳም፤ እሱ ገና ያማል። እኔ የምወደው የፈረሰ ምሽግ፣ የዛገ ጎራዴ፣ የተሰነጠቀ ጋሻ ነው። ባለቤቴ በዓመት ፈቃዳችን ሐይቅ ዳር እንረፍ ስትለኝ አምና የጎንደርን ግንብ ደረጃ ለደረጃ አስወጣኋት፤ ዘንድሮ ደግሞ ሰቆጣ ይዣት መጣሁ። ታጋሽ ሴት ናት፤ እስካሁን ማለቴ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ አምባ ላይ የጥንት ምሽግ አለ ተብለን ሄድን። ያስጎበኙን አያ ደሳለኝ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ድንጋዩን በከዘራቸው እየነኩ ማን በየት እንደመጣ፣ ማን የት እንደወደቀ ሲናገሩ ትናንት የሆነ ይመስላል። በኽምጣንጋ ይፎክሩና መልሰው በአማርኛ ያስረዱኛል። ስንጨርስ ከአምባው ግርጌ ቤታቸው ለምሳ ወሰዱን፤ ፍየል ታርዷል።

እንግዲህ ዝም ብዬ ብበላ ምን ነበረበት? እኔ ግን ተራ ጎብኚ መባል አልወድም። የእኔም ቅድመ አያት እዚህ ዘምቶ ነበር አልኳቸው። አባቴ ሞቅ ሲለው ያወራው ነበር፤ በየትኛው ወገን እንደሆነ ግን ጠይቄው አላውቅም። አያ ደሳለኝ ደስ አላቸውና ከየት አገር ሰው ነው አሉኝ። ነገርኳቸው። ወደ መሶቡ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡት።

«እንግዲያማ የአያቴ ገዳይ ወገን ነዋ። ልጄ፣ ሳንታረቅ ካንተ ጋር አንድ መሶብ አልቆርስም።»

አልተቆጡም። አዘኑ፤ ይኼ ደግሞ ባሰብኝ። ባለቤቴ መጀመሪያ ፍየሉን፣ ቀጥላ እኔን አየች። ሁለት ጎረቤት ሽማግሌዎችና አንድ ቄስ ተጠሩ። ፍርዱም አልዘገየም፤ ድንጋይ በጫንቃዬ ተሸክሜ ከአያ ደሳለኝ እግር ሥር እንድወድቅ ተወሰነ። ቀለል ያለ ድንጋይ ይኖር ይሆን ብዬ ብጠይቅ፣ ቄሱ ጥፋቱም ቀላል አይደለም አሉኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ስነሳ እንደ ቀልድ ነበር የያዝኩት። ተንበርክኬ ቀና ስል ግን የሽማግሌው ዐይን እንባ አቅርሯል፤ እኔም ሳላስበው አለቀስኩ። «ይቅር ለእግዜር» ብለው ድንጋዩን ራሳቸው አወረዱልኝ፤ አቅፈው ሳሙኝ፤ በእጃቸው አጎረሱኝ። ከዚያ በኋላ ለገባው ለወጣው ሁሉ ደመኛችን ነበር፣ ዛሬ ታረቅን እያሉ ሲያስተዋውቁኝ፣ እንዴት ያለ ክብር መሰላችሁ! ባለቤቴ እንኳን በአድናቆት አየችኝ፤ ከሠርጋችን ወዲህ እንዲህ አይታኝ አታውቅም።

የምሥራቹን ልነግራት ለእናቴ ደወልኩ። እናቴ ግራ ገባት። ከአማቷ እንደሰማችው ከሆነ፣ ቅድመ አያቴ የክተት አዋጁ በተነገረ ዕለት በቅሎዬ ጠፋች ብሎ ፍለጋ ወጣ፤ የተመለሰውም ሠራዊቱ ከገባ በኋላ ነው። ዞር ብዬ አየሁ፤ አያ ደሳለኝ ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቅልለው ይጠብቁኛል።

«እማዬ» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ዘምቷል። ታርቀንበታል።»