ባላምባራስ ምን ያስተምራል?

ዓርብ ማታ ቆሽቴ አርሮ ተኛሁና ለቅዳሜ አጥቢያ ሕልም አየሁ። ንዴቴን ሳልነግራችሁ ሕልሙን ብነግራችሁ ግን አይገባችሁም። እኔ ካርቱን ሠሪ ነኝ። ሁለት ክረምት ሙሉ ዓይኔ እስኪቀላ ኮምፒውተር ፊት ተጎልቼ አንድ አውራ ዶሮ ሠራሁ፤ ስሙን ባላምባራስ አልኩት። ባላምባራስ በበዓል ዋዜማ ቢላ ሲሳል ይሰማና ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል። የአባወራውን ኮት ለብሶ፣ ባርኔጣ ደፍቶ ሲወጣ ቤተሰቡ እንግዳ የመጣ መስሎት «ከፍ ይበሉ» እያለ ወንበር ይለቅለታል። እሱም ቁጭ ብሎ ዶሮ ስለመወደዱ ያማርራል። በቃ፣ ይኸው ነው። ልጄ ማህቶት ባየችው ቁጥር ስትስቅ ከሶፋ ላይ ትወድቃለች።

አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ቅዳሜ ጠዋት በልጆች ሰዓት ሊያሳየው ተስማማ። ማህቶትም የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ቤታችን ጠራች፤ «የእናቴን ዶሮ አይታችሁ ካልሳቃችሁ ከዛሬ ጀምሮ ጓደኛ አይደለንም» ብላ ነበር የጠራችው። የቀረው የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ የአቶ ድልነሳሁ ቃል ብቻ ነበር።

«ምን ያስተምራል?» አሉኝ ዓርብ ዕለት።

«ያስቃል።»

«እሱማ ገባን፣ ወይዘሮ ፋናዬ። ምን ያስተምራል?»

«ልጆቹ እኮ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሲማሩ ነው የሚሰነብቱት። ይሄ ቅዳሜ ነው።»

«ግድ የለም፤ ትንሽ እናስተካክለውና እናስተላልፈዋለን» ብለው ሻያቸውን አማሰሉ።

ፀጉር ቤት ገብቶ «ትንሽ አስተካክልልኝ» ብሎ፣ ተላጭቶ የወጣ ሰው ፍርሃቴን ያውቀዋል። ምኑን እንደሚያስተካክሉት ብጠይቅ የሚነግረኝ ጠፋ። እንደተናደድኩ ተኛሁ።

በሕልሜ ወደ ጣቢያው እሮጣለሁ። በሩ ላይ አንዲት ድመት የጥበቃ ቆብ አድርጋ ትፈትሻለች።

«ቁም ነገር ይዘሻል?» አለችኝ።

«አልያዝኩም።»

ኪሴን ስትዳብሰው ረጅም ከረባት ተመዘዘ። የማን እንደሆነ አላውቅም። «እዚህ ይቀመጣል፤ ስትወጪ ትወስጃለሽ» ብላ አስገባችኝ።

ውስጥ ሱፍ የለበሱ ትልልቅ ኃላፊዎች እግራቸውን ታጥበው ወለሉ ላይ ተደርድረዋል። ፊት ለፊታቸው፣ እግሯ መሬት በማይደርስ ወንበር ላይ፣ ልጄ ማህቶት ተቀምጣለች። አንድ መላጣ ዳይሬክተር ንፍጡን በእጅጌው እየጠረገ ይለምናታል።

«እትዬ ማህቶት፣ እባክዎ፣ አንድ ስብሰባ ብቻ ልሰብሰብ። አጭር ነው።»

«የቤት ሥራህን ጨርሰሃል?»

«ጨርሻለሁ።»

«ትናንትም ተሰብስበሃል። ስብሰባ ሲበዛ ዓይን ያበላሻል። ውጣና ከጓደኞችህ ጋር ኳስ ተጫወት።»

ዳይሬክተሩ ወለሉ ላይ እየተንከባለለ አለቀሰ። ከኋላው የነበረው ደግሞ ፈራ ተባ እያለ «እኔስ አንዲት የመክፈቻ ንግግር?» አላት። «ከምሳ በኋላ» አለችው።

«ማህቶት፣ እኔ እኮ እናትሽ ነኝ» ብላት «ወረፋሽን ያዢ፣ ልጄ» አለችኝ። ዘጠኝ ወር የተሸከምኳት ልጅ ወረፋ ያዢ ስትለኝ ደሜ ፈላ። ከወንበሯ ላወርዳት ስራመድ አዳራሹ ጠቦ መገምገሚያ ክፍል ሆነ።

በሰብሳቢው ወንበር ላይ ባላምባራስ ባርኔጣውን ደፍቶ ተቀምጧል። በቀኙ መነጽር ያደረገ ድንች፣ በግራው አንዲት ጠቦት አለች። የሚገመገመው ካርቱን እኔ ነኝ። በስክሪኑ ታክሲ ስጠብቅ ዝናብ ሲወርድብኝ፣ የቢሮ ደረጃ ስወጣና ስወርድ፣ «ነገ ይመለሱ» ስባል ያሳያሉ። ድንቹ አፉን ይዞ ያዛጋል።

«ምን ታስቃለች?» አለ ባላምባራስ።

«አንተን የሣልኩህ እኔ ነኝ» አልኩት።

«እሱማ ገባን። ምን ታስቂያለሽ?»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ተነሥቼ ሳቅ የሰው ልጅ መብት መሆኑን፣ ልጅ በትምህርት ብቻ እንደማያድግ፣ አገሩን ሁሉ መካሪ ሞልቶት የሚያስቅ መጥፋቱን ተናገርኩ። ድምፄ እንደ መድረክ ሰው ወፈረ፤ እጄ ሳላዘው ጠረጴዛ ደበደበ። ስጨርስ ጠቦቷ «ማስታወሻ መያዝ ነበረብን እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ቀጥሎ አቶ ድልነሳሁን በፒጃማ አመጧቸው። «ሳቅ ለሕፃናት ሁለንተናዊ...» ብለው ሲጀምሩ ስቅታ ያዛቸው። አንድ ቃል ይላሉ፣ አንድ ጊዜ ይዘላሉ። በራሳቸው ስቅታ ራሳቸው መሳቅ ጀመሩ፤ ሆዳቸው ተንቀጠቀጠ፣ መነጽራቸው ወደቀ። ድንቹም በሳቅ ከወንበሩ ተንከባሎ ጠረጴዛ ሥር ገባ።

«አልፈዋል» አለ ባላምባራስ እንባውን በክንፉ እየጠረገ።

«እኔስ?»

ባርኔጣውን አውልቆ በሐዘን አየኝ። «አንቺ» አለኝ፣ «ታስተምሪያለሽ።»

እንዲህ ያለ ግፍ አይቼ አላውቅም። ዕድሜ ልኬን ስሸሸው የኖርኩትን ነገር ስም አድርጎ ለጠፈብኝ፤ ያውም የገዛ ዶሮዬ። «ግድ የለም፤ ትንሽ እናስተካክላትና እናስተላልፋታለን» ብሎ ላጲስ አነሣ። ከአፌ ጀመረ። ልጮህ ብል የምጮህበት አፍ የለኝም።

«እማዬ፣ ተነሽ፣ ጀመረ» ብላ ማህቶት ቀሰቀሰችኝ።

ሳሎኑ በልጅ ሞልቷል። ባላምባራስ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ልጆቹ ለመሳቅ አፋቸውን ከፈቱ። ባላምባራስም አፉን ከፈተ። ጥርስ አለው። ነጭ የሰው ጥርስ፣ ላይና ታች የተደረደረ። አንድ ደመወዝ የሚበላ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ለዶሮዬ ጥርስ ሥሎለታል። ኮት የለ፣ ቁም ሳጥን የለ፤ ቧንቧ ሥር ቆሞ «ወደ ላይ፣ ወደ ታች» እያለ ይቦርሻል። ቦርሾ ሲጨርስ «በዓልን በንጽሕና» አለና ፈገግ እንዳለ በገዛ እግሩ ኩሽና ገባ። በሩም ተዘጋ።

«ልጆች፣ ከዚህ ምን ተማራችሁ?» አለ የአቶ ድልነሳሁ ድምፅ።

ማንም አልሳቀም። የጎረቤታችን ትንሹ ልጅ ኪሩቤል እግሩን ከወለሉ ላይ ሰብስቦ «ዶሮ ይነክሳል እንዴ?» አለ።

«ይሄ የእማዬ ዶሮ አይደለም» አለች ማህቶት ፊቷ ቀልቶ። «የእማዬ ሌላ ነው። ይሄን ሌላ ሰው ነው የሠራው።»

ያን ጊዜ ስሜ በትልልቁ ተጽፎ ስክሪኑን ሞላው። ማህቶት ማንበብ የጀመረችው ዘንድሮ ነው፤ ያየችውን ፊደል ሁሉ ሳታነብ አታልፍም። ጣቷን ዘርግታ፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሟት፣ «ፋ፣ ና፣ ዬ» አለች።