«አዲሱን» ብዬ ነበርኮ!

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ለሰማንያ ሁለት ዓመት አባት ስንት ዓመት የሚሠራ ባትሪ ነው የሚገዛለት?

መልሱን የምታውቁ ጻፉልኝ። እኔ እስካሁን አላውቀውም። ባለማወቄም ዛሬ አራዳ ገበያ መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጉድ ሆኛለሁ!

ቆይ፣ ከሥር ከሥሩ ልናገር። (ኔትወርኩ ከታገሠኝ።)

አባቴ አያ ፈንታ የትክል ድንጋይ ተወላጅ ነው፤ ጎንደር ከገባ ግን ብዙ ዘመኑ ነው። አንድ እግሩን ስኳር ከወሰደበት ወዲህ የሚንቀሳቀሰው በኤሌክትሪክ በሚሠራ ተሽከርካሪ ወንበር ነው። ዘመድ ከውጭ የላከለት ነው። እጀታው ላይ አውራ ጣት የምታህል ዱላ አለች፤ እሷን ወደፊት ገፋ ሲያደርጋት ይሄዳል። የሰፈር ልጆች «የአያ ፈንታ ኤሌክትሪክ መኪና» ይሉታል። እሱ «ማኪናዬ» ነው የሚለው። ማንንም አያስነካም!

ማኪናው ከመምጣቱ በፊት የሚካኤል ማኅበሩ ጋ የሚደርሰው አራት ጎረምሳ ተሸክሞት ነበር። «እንደ ጠላ ጋን» ይላል ራሱ። አባቴ በዚህ ዓለም የሚጠላው ነገር ቢኖር እንደ ጋን መያዝ ነው።

እና ባትሪው ሞተ።

ሞተ ስል፣ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ሲደረግ አድሮ ጠዋት ከበራፍ አያልፍም። አባቴ መስኮት ሥር ተቀምጦ የሰውን እግር ሲያይ መዋል ጀመረ።

ባትሪው ይቀየር ተባለ። የኔም ጉድ እዚህ ላይ ይጀምራል።

አዲስ ባትሪ ያለው ሐጂ ጋ ነው። ሐጂ አራዳ ውስጥ የመለዋወጫ ሱቅ ያላቸው፣ ሲያልፉ ሰው ከመቀመጫው የሚነሣላቸው አዛውንት ናቸው። ከሳቸው ወረድ ብሎ ደግሞ ያገለገለ ባትሪ የሚሸጥ ጎልማሳ አለ፤ ከየቢሮው የኮምፒውተር ዩፒኤስ የወጣውን እየፈተሸ ይሸጣል።

ስሙ አዲሱ ነው።

ልብ በሉ! አሮጌውን የሚሸጠው አዲሱ ነው! (ከአሁኑ የገባችሁ ዝም በሉ፣ ለሌላው አታበላሹበት።)

እኔ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። እኩዮቼ ሚኒስትሪ በሚፈተኑበት ዕድሜ ነው ሀሁ የጀመርኩት። ዘግይቶ የተማረ ሰው ሳያነብ ጨው እንኳ አይገዛም፤ ስለዚህ ስለ ባትሪ አነበብኩ። አንዱ ጽሑፍ አዲሱ ዕድሜው ረጅም ነው ይላል። ሌላው አዲስም ቢሆን መደርደሪያ ላይ ብዙ ከቆየ ሳይሠራበት ያረጃል ይላል። (ወደኔ አትዩ!) ያገለገለው ደግሞ ተሠርቶበት የተፈተነ ነው፣ ግን የቀረውን ዕድሜ ማንም አያውቅለትም ይላል።

እንግዲህ በዚህ ላይ ወስኚ!

ሐጂ ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። አዲሱ ጋ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። መኝታዬ ላይ ስገላበጥ አድሬ እንደገና ሐጂ ጋ። መጽሐፍ ስደረድር እንኳ ሐሳቤ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል።

አንድ ቀን አዲሱ ሰለቸውና «እቴ፣ ለስንት ጊዜ እንዲያገለግልሽ ነው?» አለኝ። «ለአጭር ጊዜ ከሆነ የኔው ይበቃሻል። ለረጅም ከሆነ ሐጂ ጋ ሂጂ።»

ለስንት ጊዜ?

ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። ደህና ዋል እንኳ አላልኩት።

ቤታችን ውስጥ ወሬው ሁሉ «የአዲሱን ወይስ የሐጂን?» ሆነ። ባጃጅ የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ ይርጋ ጫማውን ሳያወልቅ «እሺ እታለም፣ የአዲሱን ወይስ የሐጂን?» ይላል። አባቴ ከመስኮቱ ሥር «ምነው ልጄ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የምትመርጭው?» ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት አባቴ ያቺን አንድ ጫማውን አስጠርጎ፣ ክሯን አጥብቆ፣ ተመልሶ መስኮቱ ሥር ሲቀመጥ አየሁት። የሚሄድበት የለውም። ጫማዋ ግን ታበራለች።

ሥራ ገብቼም ጫማዋ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ድንገት የይርጋ መልእክት መጣ፦ «እታለም ገበያ ነኝ የትኛውን ልግዛ»። ነጥብ የለው፣ የጥያቄ ምልክት የለው!

ቆረጥኩ። ጻፍኩለት።

«አዲሱን።»

አራት ነጥቧን እንኳ አልረሳሁም!

ማምሻውን «ገዛህ?» አልኩት። «ገዛሁ።» «ያልኩህን?» «ያልሽኝን!» ባትሪው ከመቀመጫው ሥር ገብቶ ተከድኗል፣ ማን ከፍቶ ያያል? አባቴ ግቢውን እየዞረ «ሸጋ! ሸጋ!» ይላል። እኔም በሕይወቴ አንድ ነገር ወሰንኩ ብዬ ልቤ አበጠ።

ዛሬ የማኅበሩ ቀን ነበር።

አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ጭራውን ይዞ ከፊት። እኔ ከኋላ በእግሬ። አራዳ ዳገቱ ላይ ስንደርስ ማኪናው አቃሰተ። ትንሽ አዘገመ። ቀጥ አለ።

ከኋላችን የባጃጅ መዓት ጥሩንባ በጥሩንባ! ሰው ተሰበሰበ። አራት ጎረምሶች እየሮጡ መጡና (ደጎች ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው) ከነወንበሩ ብድግ አድርገው ወደ ማኅበሩ ቤት ይዘውት ሄዱ።

እንደ ጋን።

አባቴ ፊቱን በጭራው ሸፈነ።

እኔ ዝምተኛ ሰው ነኝ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ልጆችን ዝም የማሰኘው በጣቴ ነው፣ ድምፄን አላወጣም። ዛሬ ግን ያ ጭራ ፊቱ ላይ ሲያርፍ ሳይ ደሜ ፈላ። ሐጂ ሱቅ ዘው አልኩ። ደንበኛ ጢም ብሏል።

«ሐጂ! አዲስ ነው ብለው አሮጌ ይሸጡልናል? ባለ አንድ እግር ሽማግሌ ላይ? ፈጣሪን አይፈሩም?»

ደንበኛው ሁሉ ወደኔ ዞረ።

ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ተቀመጪ። ውሃ ስጧት እስቲ። እኔ ለናንተ ቤት መጨረሻ የሸጥኩት የአባትሽን የራዲዮ ድንጋይ ነው።»

ምነው በዚያው ድንጋይ ግንባሬን ባሉኝ!

ወሬው ባጃጅ ተራው ጋ ደርሶ ኖሮ ይርጋ እያለከለከ ገባ። «እታለም፣ ምን ሆነሻል? ከአዲሱ ነውኮ የገዛሁት!»

«አዲሱን አላልኩህም?»

«አዲሱን ነዋ ያልሽኝ!»

«አዲሱን ማለት አዲሱን ነው!»

«እኮ! አዲሱን!»

መጀመሪያ የሳቀችው አምፖል ልትገዛ የመጣች ሴትዮ ናት። ከዚያ ማን ይያዘው? ሐጂ እንኳ ጢማቸውን ጨብጠው ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ።

እኔ ግን እጅ አልሰጠሁም። «የአዲሱን ለማለት ከሆነ ‹የ› የታለች?» አልኩት፣ ልክ ሰሌዳ ፊት እንደቆምኩ።

«ቸኩለሽ የረሳሻት መስሎኛ! እኔው ጨምሬ አነበብኳት!»

እኔን! በሰው ፖስት ሥር እየገባሁ «እዚህ ጋ ‹የ› ጎድላለች» የምለውን እኔን! (አዎ፣ እኔ ነኝ። ያረምኳችሁ ሁሉ ዛሬ ደስ ይበላችሁ።) ወንድሜ በዕድሜው አንድ ጊዜ አረመኝ፣ ያቺው አንዲት እርማት አባቴን ዳገት ላይ አስቀረችው።

ሐጂን ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ግድ የለም» አሉኝ፣ «ሱቄ እንዲህ ተስቆበት አያውቅም።»

ከማኅበሩ አባቴን ይርጋ በባጃጅ መለሰው። የቃሏን ነገር ሲነግረው አባቴም ሳቀ። ሳቁን ጨርሶ ግን ወደኔ ዞረ።

«ምነው ልጄ፣ እሱስ ይሁን። ይሄን ያህል ጊዜ ግን ባንድ ባትሪ ምን አስጨነቀሽ?»

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለራሴም ጮክ ብዬ አላልኩት። ዛሬ ግን ከሐጂ ሱቅ ወዲያ ምን ክብር ቀርቶኝ ነው የምደብቀው? ነገርኩት።

«አዲሱ ለስንት ጊዜ ነው አለኝ፣ አባዬ። ያገለገለውን ብገዛ አጭር ዕድሜ የመደብኩልህ መሰለኝ። አዲሱን ብገዛ ደግሞ… ካንተ ቢተርፍስ? እዚያ ጥግ ተቀምጦ ቢያየኝስ?»

አባቴ ጫማውን አየ። ከዚያ ጭራውን አንሥቶ ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ።

«እና እንዳልሞት ብለሽ ነው መስኮት ሥር የተከልሽኝ? እዚያው ቁጭ ብዬ ልሞትልሽ ነበርኮ! ትክል ድንጋይ ተወለድኩ እንጂ ትክል ድንጋይ ነኝ እንዴ?»

ሳቅኩ። ሳቅ ብቻም አልነበረም።

«የሐጂን ግዢ» አለ። «ከኔ ከተረፈ ለራስሽ ይሆንሻል። አንቺስ ለእርጅና አልደረስሽም?»

እንግዲህ ጥያቄዬ እንደተንጠለጠለ ነው፣ ባትሪው ግን ነገ ይገዛል። እኔ ሐጂን ለማየት ዓይን ስለሌለኝ ይርጋን ልላከው ብዬ ስልኬን ገና ከማንሣቴ አባቴ ከውስጥ ጮኸ፦

«እንዳትጽፊለት! በአፍሽ ንገሪው!»