የእንጉዳይ ማግስት

እትዬ ጃንጥላ ባላቸውን በእንጉዳይ ገደሉ ይባላል። ውሸት ነው። ሰውየውን የወሰደችው ፀጉር ሠሪዋ ናት፤ እንጉዳዩ የለበትም። አሁንም ሁለት መንገድ አልፎ ከእሷ ጋር ይኖራል፤ እንዲያውም ወፍሯል።

ሌላው ረግጦት የሚያልፈውን ጎንበስ ብሎ የሚያሸት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ክብርት እትዬ ጃንጥላም ዝናብ ባባራ ቁጥር ቢላዋቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ወደተጋደሙት ግንዶች ይወርዳሉ። ስሙ የወጣላቸው በዚሁ ጃንጥላ በሚመስለው እንጉዳይ ለቀማ ነው።

አንድ ቀን ከሚኖሩበት ሕንጻ ምድር ቤት ያለው ልብስ ሰፊ ተከተላቸው። እሳቸው ግንዱ ላይ እንደ ጆሮ የተደራረበውን ግራጫ እንጉዳይ ገልብጠው ከሥሩ ያሉትን ስስ መስመሮች አዩ፣ አሸተቱ፣ ቆረጡ። አጠገቡ ያለውን ቢጫ ግን አለፉት።

«ይሄስ? ያምራል እኮ!»

«አላውቀውም።»

«ትንሽ ብንቀምሰውስ?»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ የማላውቀው ሰው ቤት እንኳ አልገባም፤ የማላውቀውን ሆዴ ላስገባ?»

ቤት ሲገቡ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት፣ ውሃው መጠጥ ብሎ ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ይጠብሱታል። ሽታው ደረጃውን ሲወርድ የማይጎመጅ የለም። የተላከለትን ሳህን ሁሉም በሁለት እጁ ይቀበላል፣ «እጅዎን ይባርከው!» ይላል፣ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ይከተዋል። የሚበላው በማግስቱ ነው። ማለዳ የእሳቸው በር ይንኳኳል፦

«እትዬ ጃንጥላ፣ እንዴት አደሩ?»

«ደህና፣ ተመስገን!»

ይህን ጊዜ በየቤቱ መጥበሻ ይጣዳል።

ልብስ ሰፊው ራሱ ስንቴ አንኳኩቷል! እሳቸውም ነገሩ ጠፍቷቸው አይደለም። እንጉዳይ በበሉ ማግስት ግን ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ወንበር በር ላይ አውጥተው ይጠብቃሉ። ለመጣው ሁሉ፣ ሳይሰለቹ፣ «ደህና!» ነው።

ሰሞኑን ፀሐዩ በረታና ግንዱ ደረቀ። እትዬ ጃንጥላንም ክፉ ጉንፋን አልጋ ላይ ጣላቸው። በራቸውን ያንኳኳ አልነበረም። ሲሻላቸው ግድግዳውን ተደግፈው ወረዱ። ጎረቤቱ ሁሉ በልብስ ሰፊው በር ላይ ተሰብስቦ ወሬ ይዟል።

«እትዬ ጃንጥላ! እንጉዳይ ጠፋ እኮ!» አለ ልብስ ሰፊው። ከዚያ ፊታቸው መክሳቱን አየና የስፌት መኪናውን አቆመ። ለካ ጠዋት ጠዋት የሆነ ነገር ጎደለኝ ሲል የከረመው ያቺ «ደህና!» ቀርታበት ኖሯል።

እሳቸው ትንፋሻቸውን ሰብስበው ጠየቁ፦

«ሰሞኑን የበላሁት ድንች ነው። ድንች የበላ ሰው እንዴት አደርክ አይባልም እንዴ?»