ዳንቴል የለበሰው ካርቶን

ሰው ራዲዮ የሚገዛው ለመነጋገር ነው ያለዎት ማነው? በጃንሆይ ዘመን ጋሽ ዘርጋው የሚባሉ የመርካቶ በርበሬ ነጋዴ፣ ከጭነት መኪናቸው ሾፌር ጋር የሚነጋገሩበትን ራዲዮ በላንድሮቨራቸው ሊያስገጥሙ ጋራዥ ሲገቡ አብሬያቸው ነበርኩ።

«ከመስታወቱ ሥር አስቀምጠው፤ ሰው ይየው» አሉት መካኒኩን። «ባለቤቴ ዳንቴል ሠርታለታለች። የቤቱ ራዲዮ ለብሶ የመኪናው ራቁቱን ይሂድ?»

«ጋሼ፣ እዚያ ከሆነ መንገድ ይጋርድዎታል፤ ፍሬን ሲይዙም ከግንባርዎ ይላተማል። ዳንቴሉ ደግሞ አፍኖ ያቃጥለዋል።»

መካኒኩ አሸነፈ፤ ራዲዮው ራቁቱን ከታች፣ ከጉልበታቸው ራቅ ብሎ በብሎን ታሰረ። ዳንቴሉስ? ጋሽ ዘርጋው ለባዶ የሳሙና ካርቶን አልብሰው ካርቶኑን ከመስታወቱ ሥር ሰየሙት።

አንድ ቀን ሸማ ተራ ቆመን፣ ሰው መኪናውን ከቦ ሲያደንቅ፣ ራዲዮው ከታች ጮኸ፦ «ጋሼ! ዝናብ መጣ፤ በርበሬው ሊበሰብስ ነው! ሸራውን የት አስቀመጡት?»

ጋሽ ዘርጋው መነጋገሪያውን አልነኩም። ዳንቴሉን በራሳቸው በኩል ብቻ በክብር ገለጥ አድርገው፣ «ከወንበሩ ኋላ ነው!» አሉት ካርቶኑን።

«ጋሼ፣ አይሰማም!»

«ኧረ በርበሬው! በደንቡ ይመልሱለት እንጂ» አልኳቸው።

«ቆይ» አሉኝ በሹክሹክታ፣ «መጀመሪያ ሰው ይበተን።»