ወይዘሮ አሰጋሽ እና አቅም ያነሳት ቬስፓ

በየሰፈሩ ማንም ያልሾማት አንዲት ሐኪም አለች። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም፤ በሽተኛም ወደ እሷ አይመጣም፣ እሷ ትሄድለታለች እንጂ። ከግድግዳ ማዶ የሚያስል ሰው ከሰማች ሦስተኛውን ሳል ሳይስል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግንባሩን ትዳብሳለች። ይህችን ሴት የማያውቅ አንባቢ ካለ ወይ ታሞ አያውቅም፣ ወይ ጎረቤት የለውም።

በሱዳኗ ከተማ በገዳሪፍ እሷ ክብርት ወይዘሮ አሰጋሽ ናቸው። በ1978 ዓ.ም. ከጎንደር ወገን ተሰደን በተከራየነው ግቢ ውስጥ ክፍላቸው ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ነበር። ቀን ቀን ከአብዱልናስር ጋራዥ ግድግዳ ጥግ፣ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ሥር በርበሬና ኮረሪማ ይሸጣሉ። ይህ ግን መተዳደሪያቸው ነው፤ ሥራቸው ሕክምና ነው።

ሌሎች ሐኪሞች ብዙ በሽታ ያውቃሉ። ወይዘሮ አሰጋሽ የሚያውቁት አንድ ብቻ ነው፤ የሆድ ድርቀት። ራስ ምታት ድርቀት ነው። የጉልበት ቁርጥማት፣ ክፉ ሕልም፣ የባል ኩርፊያ፣ ሁሉም ድርቀት ነው። «የገባው ካልወጣ ሰው ምን ጤና አለው?» ይላሉ። መድኃኒታቸውም አንድ ነው፤ ሰናመኪ። ቅጠሉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ስለሚዞሩ፣ ሕመምተኛው ስሙን ሳይናገር ውኃው ይፈላለታል።

አንድ ቀን የሰፈሩ ወንዶች ተሰብስበው ስለ አገራችን ነገር ሲከራከሩ ሲያልፉ ሰሟቸውና፣ «የደርግም በሽታ ይኸው ነው፤ ያስገባል እንጂ አያስወጣም» ብለው በርበሬያቸውን ወደ መስፈር ተመለሱ። ወንዶቹ ሳቁ። ከዚያ ወንድሙ ታስሮ የቀረበት ሰው ተነሥቶ ሄደ።

እኔም አላመለጥኳቸውም። እንደመጣሁ ሰሞን ሰው አላናግርም ነበር፤ በሬን ገርበብ አድርጌ መጽሐፍ ይዤ እቀመጣለሁ። በሦስተኛው ቀን በበሩ ክፍተት አንድ ኩባያ ገባ።

«ጠጪ።»

«ደኅና ነኝ፣ እትዬ።»

«ደኅና የሆነ ሰው አንዱን ገጽ ግማሽ ቀን አያይም።»

ጠጣሁ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እንግዲህ ወደ ቬስፓዋ ልምጣ። ፋናዬ የምትባል አዋላጅ ነበረች። አንድ የእርዳታ ድርጅት አሮጌ ሰማያዊ ቬስፓ ሰጥቷት፣ በእሷ እየበረረች ከከተማው ዳር እስከ ማሽላ እርሻዎቹ ድረስ እያዋለደች ትዞራለች። ክረምቱ ሊገባ አንድ ወር ሲቀረው ቬስፓዋን አቅም አነሳት። ሞተሯ ይነሣል፣ ድምፅም አላት፤ ግን ነዳጅ ሲሰጧት ታቃስታለች እንጂ አትሄድም። ሜዳ ላይ ጭነት የያዘ አህያ ይቀድማታል። ብዙ የአገራችን ሰዎች የሰፈሩበት ኮረብታ ሥር ስትደርስማ ጭራሽ ትቆማለች። አንድ ቀን ፋናዬ እየገፋቻት ሽቅብ ስትወጣ፣ ላይ የምትጠብቃት ሴት ብቻዋን ወለደች። እናትም ልጅም ተርፈዋል። ፋናዬ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ እህል አልወርድ አላት። ወይዘሮ አሰጋሽ ድርቀት ነው አሉ።

ሰኞ ዕለት የድርጅቱ ተቆጣጣሪ ኡስታዝ ከማሉ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወረቀት የያዘ ሰው ነው።

«ሐሙስ እመለሳለሁ» አላት። «ሁለት ሰው ጭና ኮረብታውን ከወጣች ላንቺ ትቀራለች። ካልወጣች ወደ ከሰላ ከተማ እልካታለሁ። እዚያ ያለው አዋላጅ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ይጠቀምባታል።»

«እኔስ? ክረምት ሲገባ ያን ጭቃ በምን እሻገረዋለሁ?»

«ማሌሽ፣ ፋናዬ» አለ። እዚያ አገር ይቅርታም፣ ምን ላድርግም፣ አትጠይቂኝም በዚህች አንድ ቃል ይባላል።

አብዱልናስር የመተማ ልጅ ነው፤ እጁ የተመሰከረለት መካኒክ ነው። ሰኞ ከሰዓት ካንዴላዋን ፈትቶ ጠረገ፤ ለውጥ የለም። ማክሰኞ ካርቡራተሯን በታትኖ በቤንዚን አጠበ፤ ለውጥ የለም። አየር ማጣሪያዋ ውስጥ ግማሽ ኩባያ አቧራ አገኘና «ይኸው፣ ተገኘሽ» ብሎ ጮኸ፤ ቬስፓዋ ግን እንደ ቀድሞዋ አቃሰተች። የኋላው ፍሬን ይዟት እንደሆነ ብሎ ጎማዋን በእጁ አሽከረከረው፤ ጎማው እንደ እንዝርት ዞረ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከግድግዳው ጥግ የክብርት ሐኪሟ ድምፅ አላቋረጠም።

«አብዱ፣ ይህች ልጅ ድርቀት አለባት።»

«እትዬ፣ ብረት ናት እኮ።»

«ብረት አይበላም?»

«ቤንዚን ትበላለች።»

«ታዲያ ያ የበላችው የት ይደርሳል?»

«ይቃጠላል።»

«ሰውም የበላውን ያቃጥላል። አመዱን ግን ማውጣት አለበት።»

አብዱልናስር ወደ እኔ ዞሮ፣ «እስኪ ሰናመኪ በታንከሯ ልጨምርላት?» አለኝ። ሥራ የሌላቸው ሾፌሮች ሳቁ። እኔም ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ሳቅሁ፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ረቡዕ ረፋድ ላይ አብዱልናስር መፍቻውን መሬት ላይ ጣለው። «ወላሂ፣ ፋናዬ፣ የቀረኝ ፒስተኑን መክፈት ነው። እሱን ከከፈትኩ ደግሞ ለነገ አትደርስም።» ፋናዬ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠችና ድምፅ ሳታሰማ ማልቀስ ጀመረች። ሾፌሮቹ ሳይቀሩ ፊታቸውን አዞሩ።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ አሰጋሽ ተነሡ። መስፈሪያቸውን በርበሬው ላይ ደፍተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ፤ በሽተኛዋን ቬስፓ ሁለት ጊዜ ዞሯት።

«የምትበላበትን አየህ?»

«አየሁ።»

«የምትተነፍስበትንስ?»

«እሱንም አየሁ።»

«የምታወጣበት በየት ነው?»

አብዱልናስር በእግሩ አመለከተ። «በዚህ ነው፤ በማርሚታዋ፣ በጭስ ማውጫዋ።»

«እሱን ከፍተህ አይተኸዋል?»

አብዱልናስር ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሞተሯ የሚገባውን ሁሉ መርምሯል፤ ስለሚወጣው ግን ያሰበ አልነበረም። ወይዘሮ አሰጋሽ ጎንበስ ብለው የማርሚታዋን ጫፍ በጣታቸው ጠርገው አሸተቱ። ከዚያ ወደ ፋናዬ ዞሩና፣ እኔን «ጠጪ» ባሉበት በዚያው ድምፅ፣ «ልጄ፣ ምን ነበር የምታበያት?» አሉ።

ፋናዬ አፈረች። ቬስፓ ቤንዚኗን ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ነው የምትጠጣው። ያ የሞተር ዘይት ደግሞ ከኅዳር ጀምሮ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ሰው ምጥ ላይ ሆኖ ሲጠራት ምን ታድርግ? ገዳሪፍ ውስጥ የማይጠፋ ዘይት አንድ ነው፤ የሰሊጥ ዘይት። ሰባት ወር ሙሉ የሰሊጥ ዘይት ስትቀላቅልላት ከርማለች። በየሄደችበት የሚከተላትን የመጥበሻ ሽታ ሁላችንም ጠዓሚያ የሚሉት የሽንብራ ጥብስ እየመሰለን ስንጎመጅ ኖረናል።

አብዱልናስር ማርሚታዋን ፈትቶ አወረደና ሞተሯን ያለ ማርሚታ አስነሣት። ያን ድምፅ እስከ እህል ገበያው ድረስ ያልሰማ አልነበረም። ዶሮዎች ተበተኑ፤ ሾፌሮቹ ጆሯቸውን ይዘው ከተቀመጡበት ተነሡ። ሦስት ሳምንት ያቃሰተች በሽተኛ እንደ አንበሳ አገሳች።

«ድርቀት» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ።

ማርሚታዋ ከሰል እሳት ውስጥ ገብታ እስክትቀላ ተቃጠለች። አብዱልናስር አውጥቶ በመዶሻ ሲቀጠቅጣት ሽንብራ ሽንብራ የሚያካክል ጥቁር ፍርፋሪ ይዘረገፍ ጀመር። የሞተሯንም መውጫ በእንጨት ፍቆ አጸዳ። ቀና ሲል ፊቱ ጥላሸት ለብሶ ጥርሱ ብቻ ይታያል። «እትዬ፣» አላቸው፣ «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ጋራዥ ውስጥ ወንበር አለዎት።» ዕድሜ ልኩን አንድ በሽታ ብቻ ሲያክም የኖረ ሰው ያ በሽታ በትክክል ያለበትን ታማሚ ማግኘቱ ምን ያህል ደስ እንደሚል የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሐሙስ ሰፈሩ በሙሉ ኮረብታው ሥር ተሰበሰበ። ኡስታዝ ከማሉ ወረቀቱን ይዞ ጫፉ ላይ ቆሟል። ፋናዬ ሞተሯን አስነሥታ ከኋላዋ የሚቀመጥ ሰው በዓይኗ ስትፈልግ፣ ወይዘሮ አሰጋሽ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወጡ። ከዚያ በፊት በቅሎ እንጂ ሞተር ላይ ተቀምጠው አያውቁም። ክብደታቸውም የሁለት ሰው ነው።

«እትዬ፣ ቀለል ያለ ሰው ይሁን» አላቸው ለፋናዬ የሰጋው አብዱልናስር።

«ያከምኳት እኔ ነኝ» አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው የፋናዬን ወገብ ያዙ።

ቬስፓዋ ተነሣች። ከኮረብታው ግርጌ ሁልጊዜ ከምትቆምበት ቋጥኝ ስትደርስ ሕዝቡ ትንፋሹን ያዘ። ቀነስ አለች። ከዚያ እንደገና ጠነከረችና ቋጥኙን አለፈችው፤ ነጭ ነጠላ ከኋላዋ እየተውለበለበ ሽቅብ ወጣች። እኔ ስሜን ስጠየቅ እንኳ ድምፄ የማይሰማ ሰው፣ ጫማዬን ጥዬ ከኋላ እየሮጥኩ እልልታውን አቀለጥኩት።

ላይ ስደርስ ኡስታዝ ከማሉ «ተማም»፣ ደኅና ነው ብሎ ፈርሞ ነበር። ፋናዬም ከቬስፓዋ ሳትወርድ ወደ ሁለት እርጉዞች ቤት ታጠፈች። ወይዘሮ አሰጋሽ ግን በሞተር መውረዱን እምቢ ብለው ክንዴን ያዙኝና በእግር ቁልቁል ጀመርን።

«ልጄ፣» አሉኝ ሰው እንዳይሰማ፣ «ባይሆን ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?»

«እርግጠኛ ነበሩ እኮ፣ እትዬ።»

«ስለ ሞተር ምን አውቄ? ስለ ሰውስ ቢሆን ምን አውቃለሁ?» ጥቂት ሄድን። «ሰው ሲያለቅስ ዝም ብሎ ማየት አልችልም። አንድ ነገር ማለት አለብኝ። የማውቀው ደግሞ ያቺኑ አንዷን ነው።»

ክንዳቸውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ያን የመጀመሪያውን ኩባያ ይዘው በሬ ላይ የመጡት ለምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከመጽሐፉ ጀርባ ሐዘኔን አይተው ነበር።

ታች ስንደርስ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀ። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ባርኔጣውን አውልቆ ወጣ አለ። «ሲት አሰጋሽ፣ እመቤቴ፣ የኔዋም ዳገት ላይ ትደክማለች።»

ወይዘሮ አሰጋሽ ክንዴን ለቀቁ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ የሰናመኪውን ቋጠሮ ዳበሱ።

«ቁጭ በል» አሉት። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»