አፕዴቱ ያቃጠለው ካርድ

የብርድ አይፈሬ በግ አርቢዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር አስቸኳይ ስብሰባ
ቀን፦ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡40 (3፡00 ይባል)
ቦታ፦ ዘመሮ፣ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት

የተገኙ፦
አቶ መኳንንት፣ ሰብሳቢ
ቄስ አትናቴዎስ፣ ምክትል ሰብሳቢ
ወ/ሮ ጌታነሽ፣ ንብረት ክፍል
እሌኒ፣ ጸሐፊና ተከሳሽ
አቶ አፈወርቅ፣ ከሞላሌ የተጠሩ የጥገና ባለሙያ (ድምፅ የላቸውም)

ያልተገኙ፦ አቶ ሙሉቀን፤ በጋቸው ምጥ ላይ ናት። በስልክ ሰላም ስላሉን ምልዓተ ጉባኤው እንደተሟላ ተቆጥሯል።

አጀንዳ 1፦ የኮምፒዩተሩን ግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚያወጣውን) ማን አቃጠለው?

ሰብሳቢው እንዳብራሩት ጸሐፊዋ ባለፈው ሐሙስ ማንንም ሳታማክር «አፕዴት» የሚለውን ተጭናለች፤ በማግስቱ የአውራ በጎቹ ፎቶ አረንጓዴ ሆኖ ታይቶ ስክሪኑ ጠፍቷል። ስለዚህ የኮምፒዩተር ክፍሉን ቁልፍ አስረክባ በበጎች ጆሮ ላይ ቁጥር ወደ መምታት ሥራ እንድትዛወር ጠይቀዋል። ጸሐፊዋ ሦስት ዓመት የተማረችው ለዚህ እንዳልሆነ ተናግራለች። የእጅ ጽሑፏ እዚህ ላይ የተበላሸው በብርዱ ምክንያት እንደሆነ ይያዝልን።

ወ/ሮ ጌታነሽ እጅ እግር የሌለው ፕሮግራም ብረት እንዴት እንደሚያቃጥል ጠየቁ። ሰብሳቢው «እርስዎ ባናዎን ይቁጠሩ» ሲሉ መለሱ። ቆጥረው ከማኅበሩ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሶች አንድ ባና እንደጎደለ አስታወቁ፤ ከአጀንዳ ውጭ በመሆኑ ታለፈ።

ቄስ አትናቴዎስ ኮምፒዩተሩ ጠበል እንዲረጭ ሐሳብ አቀረቡ። አቶ አፈወርቅ «ኧረ አባታችን፣ መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀል!» በማለታቸው፣ ከረጅም ውይይት በኋላ ጠበሉ በጸሐፊዋ ላይ ብቻ እንዲረጭ ተወሰነ።

ቁልፉን ስለማስረከብ ድምፅ ሲሰጥ ሁለት ለሁለት ሆነ። አቶ ሙሉቀን በስልክ ተጠይቀው «ተመስገን፣ ወንድ ነው!» ስላሉ እንደ ድጋፍ ተቆጥሮ ጸደቀ።

አጀንዳ 2፦ የባለሙያ ማብራሪያ (ከውሳኔው በኋላ እንዲሰማ የተያዘ)

አቶ አፈወርቅ እንዳስረዱት ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒዩተሩን ከካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ አፕዴት ሲደረግ ምስል ሊያበላሽ ይችላል፤ ካርዱን ግን እንዲሁ አያቃጥለውም። ማራገቢያውን ካስቆመ በሙቀት ሊያቃጥል ይችላል፤ እሱም ከስንት አንዴ ነው። ከዚያም የኮምፒዩተሩን ሣጥን ከፍተው ከማራገቢያው ላይ አንድ እፍኝ ጥቁር የበግ ጠጉር አወጡና «ይኼንንስ አፕዴቱ ነው ያመጣው?» አሉ።

ጸሐፊዋ ከፋይል ደብዳቤ አውጥታ አነበበች፦ «የዘመሮ ብርድ እንዳይመታው ኮምፒዩተሩ ቀንም ሌትም ባና ይልበስ። መኳንንት፣ ሰብሳቢ።» ማኅተሙ በግልጽ ይነበባል። ወ/ሮ ጌታነሽ የጎደለው ባና በመገኘቱ ደስታቸውን ገለጹ።

የዛሬው ውሳኔ ሁሉ እንዲሻር፣ ስብሰባው እንዳልተካሄደ እንዲቆጠርና ቃለ ጉባኤው ከኮምፒዩተሩ ላይ እንዲጠፋ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊዋ ኮምፒዩተሩ ስለማይሠራ በእስክሪብቶ፣ በካርቦን፣ በሦስት ኮፒ እየጻፈች መሆኑን አስታውሳ ቁልፉን መልሳ ኪሷ ከተተች። ስብሰባው 6፡15 ላይ ተበትኗል።

እሌኒ፣ ጸሐፊ